የምዕራብ መስመር ጂሩ

በነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ፣ ከተካ የቤት ዕቃ መደብር በላይ ባለው ፎቅ አንድ የኮምፒውተር ድጋፍ ማዕከል አለ። ከሻምቡ እስከ መንዲ ባሉ ከተሞች የጤና ጣቢያው ኮምፒውተር አልነሳ ሲል፣ የመድኃኒት ቤቱ ማተሚያ ወረቀት ውጦ ሲቀር፣ ሠራተኛው ችግሩን ጽፎ ወደዚህ ይልካል። ያ ጽሑፍ ትኬት ይባላል። ትኬቱን ማን ይቀበለው፣ ማን ይፍታው፣ ማንስ "ተፈትቷል" ብሎ ይዝጋው የሚለውን ሲስተሙ ላይ የምትደለድለው ከደረጃው በስተግራ ባለችው ጠባብ ክፍል የምትቀመጠው የሺአረግ ናት።

"ዛሬስ ስንት ሰው አሳፈርሽ?" ይላታል ተካ ጠዋት ጠዋት፣ ድልድሏን እንደ ሚኒባስ ረዳት ሥራ ቆጥሮ፣ የመደብሩን በር እየከፈተ።

"ወንበር ሞልቷል። አንተን በቁምህ ነው የምወስድህ።"

"በቁሜ ከሆነ ግማሽ ዋጋ ነው የምከፍለው!"

ተካ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ እዚሁ የሸበተ ሰው ነው። እንዲህ ሳይላት ደረጃውን የወጣችበት ቀን ካለ፣ ወይ እሱ ታሟል፣ ወይ እሷ።

የሺአረግ አርባዎቹን አጋምሳለች። አባቷ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው አንገር ሸለቆ ከሰፈሩት ነበሩ፤ እሷ ግን ያደገችው ነቀምቴ ነው። ቤት ውስጥ የእናቷን የወሎ አማርኛ፣ ደጅ ላይ ኦሮምኛ እያወራች ስላደገች በየትኛው እንደምታስብ ቢጠይቋት ትስቃለች። "ስቆጣ በአማርኛ፣ ሳዝን በኦሮምኛ" ትላለች። ባሏ በሕመም ሞቶባታል። ያኔ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋጋ መጥተው መርዶዋን በወጉ ነግረዋት፣ ጎረቤት ደግፏት፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ አልቅሳ ወጥቶላታል። ከዚያ ወዲህ ከእናቷ ጋር ትኖራለች።

ማዕከሉ ውስጥ ለረጅም ዘመን ጸሐፊ ነበረች። ሲስተሙ ሲመጣ አድሚን የሚሉትን ሥራ ቴክኒሻኖቹ ናቁት፤ የስም ዝርዝር መጠበቅ ነው ብለው ለእሷ ተውላት። እሷም ተቀበለች። ሥራው ግን የስም ሥራ ብቻ እንዳልሆነ ለመረዳት ብዙ አልቆየችም። ሰው ሚናውን፣ ሲስተሙ ላይ የተሰጠውን ፈቃድ፣ እንደ ክብሩ ነው የሚያየው። አንድ ጊዜ የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ደወሉላት።

"አዴ የሺ፣ የዚህ ጣቢያ ኃላፊ እኔ ነኝ አይደል?"

"ኤዬ፣ እርስዎ ነዎት እንጂ።"

"ታዲያ ጸሐፊዬ መላክ ስትችል እኔ ለምን ማየት ብቻ ተባልኩ?"

"መላክም ልጨምርልዎ?"

"መዝጋቱንም ነው እንጂ! በገዛ ቤቴ የማልዘጋው ምን አለ?"

ሰጠቻቸው። ሰውየውም በዚያው ቀን የጣቢያቸውን ችግሮች በሙሉ፣ አንዱም ሳይፈታ፣ "ተፈትቷል" እያሉ ዘግተው ጠረጴዛቸውን አጸዱ። መልሳ ለመክፈት የሺአረግ አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጀባት፤ ሚናቸውን ለመቀነስ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ልመና።

የምዕራቡ መስመር ግን ከሁሉም ይለያል። ሲስተሙ እንደመጣ ለዚያ መስመር ችግር ፈቺ የተሰጠው ስም "ሁለተኛ ደረጃ ድጋፍ፣ ምዕራብ" የሚል ነበር። ከጊምቢም፣ ከነጆም፣ ከመንዲም ለዚህ ስም የሚጽፍ ሰው ጠፋ። ይደውላሉ እንጂ አይጽፉም። ሁለተኛ ደረጃ ማን ነው? የማን ልጅ ነው? አገሩስ የት ነው? ይላሉ። ለማያውቁት ችግራቸውን መዘርዘር እንደ ውርደት ነው የሚያዩት።

ያኔ ነው በዚያችው ጠባብ ክፍል አብሯት የሚሠራው ጂሩ ከወንበሩ ዞር ያለው። ጂሩ ከነቀምቴ አለፍ ብላ ያለችው የዲጋ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ምዕራቡን በሙሉ በሚኒባስ እየተመላለሰ ያስተማረ ቴክኒሻን።

"እትዬ የሺ፣ ያንን ስም አጥፊውና የኔን ጻፊበት።"

"ደንቡ የሥራ መደቡ ስም ይጻፍ ነው የሚለው፣ ልጄ።"

"ደንቡን የጻፈው ሰውዬ ነጆ ሄዶ ያውቃል?"

ጻፈችበት። ስሙን ከመደቡ ጎን ብቻ አልነበረም የጻፈችው፤ ሚናውን ራሱን ነው ጂሩ ያለችው። ስለዚህ በዚያ ሚና ገብቶ መልስ የሚሰጥ ማንም ይሁን ማን፣ መልሱ የሚወጣው በጂሩ ስም ሆነ። እሱም ከእያንዳንዱ መልስ በፊት በራሷ የምትሄድ አንዲት መስመር አዘጋጀ፦ "ጂሩ ነኝ። አይዟችሁ፣ ደርሶኛል።" በሳምንቱ ትኬቱ ጎረፈ። ሰዎቹ ስለ ማተሚያው ከመጻፋቸው በፊት ስለ እናቱ ጤና ይጠይቁት ጀመር።

ከዚያ መንገዱ ክፉ የሆነበት ወቅት መጣ። በምዕራቡ በኩል ስልክና ኢንተርኔት ጠፍቶ የሚከርምበት ጊዜ ነበር። ከነጆ ማዶ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ምዝገባው የሚሠራበት ኮምፒውተር ሞተ፤ መልእክቱ በሰው ቃል ደረሰ። ጂሩ ቦርሳውን አንጠለጠለ። "ነገ እመለሳለሁ" አለ። ሚኒባሱ የደዴሳን ድልድይ መሻገሩን ያዩ አሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ የለም። ከመኪናው እንዲወርዱ የተደረጉ ነበሩ፤ ከወረዱትም የተመለሱ ነበሩ። እሱ ከየትኞቹም ጋር የለም።

አባቱ ኦቦ ዋቅወያ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የቤተክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ናቸው። ዲጋ ላይ የተሰበሰበውን ሰው አንድ ቃል ተናግረው በተኑት። "አስከሬን ሳላይ ደጄ ላይ ድንኳን አይጣልም።" ከዚያ በኋላ ስለ ጂሩ "ነበር" ብሎ የሚናገር ጠፋ። ለሚጠይቅ ሰው መልሱ አንድ ነው፦ መንገድ ላይ ነው። ቢሮም ውስጥ ይኸው ቃል ተለመደ። መርዶ ያልተነገረበትን ሰው አንድ ጸሐፊ በጣቷ ነክታ ከዝርዝር ልታወጣው አትችልም። የሺአረግ ስሙን እንዳለ ተወችው።

ኢንተርኔቱ የተመለሰ ዕለት የሆነውን ግን ያ ቢሮ አይረሳውም። በየከተማው ያሉት ኮምፒውተሮች ኔትወርክ በጠፋባቸው ወራት ሰዎች የጻፉትን ሁሉ ይዘው ቆይተው ኖሯል፤ በአንድ ጠዋት አፈሰሱት። "ጂሩ፣ ምነው ጠፋህ?" "ጂሩ፣ ሰላም ነህ ወይ? እኛ አለን።" "ጂሩ፣ በመንገዱ እንዳትመጣ፣ ክፉ ነው፤ ማተሚያው ይቆይ።" ትኬቶቹ ስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች እየተደራረቡ ሲወርዱ፣ ማንም ሳይነካው፣ ሲስተሙ ለእያንዳንዱ መልስ ይሰጥ ነበር። ጂሩ ነኝ። አይዟችሁ፣ ደርሶኛል። ጂሩ ነኝ። አይዟችሁ፣ ደርሶኛል። ከጂሩ ጎን ትሠራ የነበረችው ወጣት ቴክኒሻን አሜን አፏን በመዳፏ ይዛ ተነሥታ ወጣች። የሺአረግ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም። ትኬት መመለስ አለበት። ለራሷ የዚያን ሚና ፈቃድ ሰጠችና የመጀመሪያውን ከፈተች።

መጀመሪያ እንደ ቢሮ ደብዳቤ ነበር የምትመልሰው። "ችግራችሁን ተመልክተናል፤ ማሽኑን አጥፍታችሁ አብሩ።" ከጊምቢ አንዷ ጻፈች፦ "ጂሩ ተቀይመኸን ነው?" የሺአረግ ያንን አነበበች። ከዚያ እሱ ይጽፍ እንደነበረው ጻፈች። "እኔ እናንተን ተቀይሜ ወዴት እገባለሁ! ማሽኑን አጥፉት፣ እስኪበርድለት አንድ ጨዋታ ተጫወቱ፣ ከዚያ አብሩት።" ሴትዮዋ ሳቀች፤ ሳቋን ጽፋ ላከች።

እንዲህ ተጀምሮ ለመደባት። የማን ልጅ እንደታመመ፣ የማን ላም እንደወለደች ታውቃለች፤ እሱ እንደሚጠይቀው ትጠይቃለች። የሚያስቸግር ነገር ሲመጣ አሜንን ታማክራለች፤ ቃሉ ግን የእሷ ነው፣ አይደለም፣ የእሱ ነው። ቤቷ ገብታ እናቷን "አይዞሽ፣ ደርሶኛል" ያለቻት ቀን እናቷ "ይሄን አነጋገር ከየት አመጣሽው?" ብለው አፈጠጡባት። አንዳንዴ ስትጽፍ ጣቶቿ ከአሳቧ ይቀድማሉ። ዓረፍተ ነገሩን ስትጨርስ ቀና ብላ አሜን የተቀመጠችበትን ወንበር ታያለች፣ ሌላ ሰው የምታገኝ ይመስል። ለማንም አልተናገረችውም።

ዘንድሮ አዲስ ኃላፊ ተዛውሮ መጣ፤ ታዲዮስ ይባላል፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ክፋት የሌለው፣ ግን ነገር ማንጠልጠል የማይወድ። ሲስተሙ በአዲስ ሊተካ ስለሆነ የሚናዎቹን ድልድል ይዞ ወደ የሺአረግ ክፍል ገባ።

"ወይዘሮ የሺአረግ፣ ይሄ ጂሩ የሚባለው ማን ነው? ደመወዝ ላይ የለም፣ ሲስተሙ ላይ ግን ከሁላችሁ በላይ ይሠራል።"

አሜን እጇ ላይ ያለውን ገመድ ማጠላለፍ ጀመረች።

"የምዕራብ መስመር ነው" አለች የሺአረግ።

"መስመሩን አይደለም፣ ሰውየውን ነው የጠየቅሁሽ።"

"መንገድ ላይ ነው።"

ታዲዮስ ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው። አሜን በኋላ ኮሪደሩ ላይ ነገሩን ስትነግረው ፊቱ ተለወጠ፤ ተመልሶ ሲመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

"አልሰማሁም ነበር፣ ይቅርታ። ግን እንደዚህ ነው፤ አዲሱ ሲስተም ለአንድ ሚና አንድ ሕያው ሰው ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ በስልኩ ኮድ ይልካል፣ ኮዱን ያላስገባ በራሱ ይሰረዛል። አንቺም አትሰርዢው፣ እኔም አልሰርዘው። ማሽኑ ይሥራው።"

የሺአረግ በልቧ እፎይ አለች፤ እፎይ ማለቷም አሳፈራት። ድልድሉን ሞላች፣ ከጂሩ ስም ጎን የነበረውን የድሮ ስልክ ቁጥሩን እንዳለ ተወችና ላከችው። የአሜን ስም አረንጓዴ ሆነ። የሌሎቹም። የጂሩ ግራጫ እንደሆነ ቀረ። ምሳዋን በልታ ስትመለስ አረንጓዴ ነበር። ከጎኑ "ተረጋግጧል" ይላል።

"አሜን" አለች።

አሜን መጥታ ስክሪኑን አየች። "ኦ ጌታዬ" አለች። ሁለቱም ስክሪኑን ለመንካት ፈሩ።

የሺአረግ ስልኳን አንሥታ ቁጥሩን ደወለች። ጠራ። ይህ ቁጥር ይጠራል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ተነሣ። ከወዲያ ማዶ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ከትንፋሹ ኋላ ዶሮ ይጮኻል።

"ጂሩ?" አለች።

ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት ተካ አንዲት ሴት አስከትሎ ደረጃውን ወጣ። ቀልድ አልነበረውም። "የሺዬ፣ አንቺን ነው የፈለገችው" ብሎ ወረደ። ሴትዮዋ ሠላሳ ያልሞላት ናት፤ ጫማዋ ላይ የዲጋ ቀይ ጭቃ፣ እጇ ላይ የታጠፈ ጃንጥላ። የጂሩ ሚስት ኬኔ ናት። የሺአረግ ያየቻት በሠርጓ ጊዜ ነበር፤ ፊቷ ከዚያ ወዲህ ጠብቧል።

"አከም ጅርታ፣ ኬኔ። ነይ፣ ቁጭ በይ።"

ኬኔ አልተቀመጠችም። ከቦርሳዋ ስልክ አወጣች። "መንገድ ሲሄድ የሥራውን ስልክ ነበር የያዘው። ይሄን እቤት ትቶት ሄደ። ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ ካርዱ እንዳይዘጋ እሞላለሁ። ትናንት ይሄ ኮድ መጣበት። በር እንደሚያንኳኳ ሰው ነው የቆጠርኩት፤ አስገባሁት። ማን እንደሚከፍትልኝ ልይ ብዬ።" ትንፋሿን ዋጠች። "ከዚያ አንቺ ደወልሽ፤ ስምሽ ስልኩ ላይ ወጣ። ጂሩ ብለሽ ጠራሽ። ያኔ አንቺም እንደማታውቂ ገባኝ።"

አሜን ቀስ ብላ በሩን ዘጋች።

"ባለፈው ወር አባባ ዋቅወያን እንደምንም አሳምነን ነበር" አለች ኬኔ። "ለድንኳኑ ቀን ቆርጠን፣ ለዘመድ ተነግሮ። ከነጆ አንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ለሠርግ ወደ ዲጋ መጣ። አባባ ዘንድ ገብቶ፣ 'ጂሩ እኮ በየቀኑ ይመልስልናል፤ ባለፈው ልጄ ታማ ደህና ሆነችልህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ' አላቸው። አባባ ድንኳኑን መልሰው አስጫኑት። ልጄ አለ፣ የሚሠራበትን ቦታ ነው የማይናገረው አሉ። አዴ የሺ፣ ካለ የት እንዳለ ንገሪኝ። ከሌለ ደግሞ የሚመልሰው ማን እንደሆነ ንገሪኝ።"

የሺአረግ ያችን መልስ የጻፈችበትን ሰዓት አስታወሰች። ዝናብ ነበር፤ ልጅቷ በትኩሳት ስትቃጠል እንዳደረች ሰውየው ስለ ማተሚያው በጻፈው መካከል ላይ አንሥቶ ነበር፣ እሷም አላስቻላት።

"እኔ ነኝ" አለች።

"አንቺ።"

"ስለ ልጅቷ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ሁሉንም የምመልሰው እኔ ነኝ።"

"አነጋገሩ የእሱ ነው አለ እኮ!"

"አዎ። የእሱ ነው።"

ኬኔ ያኔ ተቀመጠች። ትጮኻለች ብለው ሲጠብቁ አልጮኸችም፤ የስልኩን መስታወት በአውራ ጣቷ ትጠርግ ጀመር። "'አይዟችሁ፣ ደርሶኛል' የሚለውስ?"

"እሱ የጻፈው ነው። ከሄደ በኋላም በራሱ ይሄዳል። ማንም አይነካውም።"

"እሱን አሳዪኝ።"

አሳየቻት። ኬኔ ያችን አንዲት መስመር ብዙ ጊዜ አነበበች። ከዚያ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "ዲጋ መጥተሽ ለአባባ ንገሪያቸው።"

"እኔ?"

"ታዲያ ማን? እኔ ብነግራቸው ሌላ ባል ልታገባ ቸኩላ ነው ይሉኛል። አሁንም እያሉኝ ነው። ሚስት አይደለሁ፣ መበለት አይደለሁ። ጥቁር ብለብስ ገደልሽው ይሉኛል፤ ነጭ ብለብስ ረሳሽው ይሉኛል።" ቀና አለች። "አንቺ ነሽ በአፉ ያወራሽው፣ አንቺው ንገሪያቸው።"

መርዶ አንድ ሰው ብድግ ብሎ የሚነግረው ነገር አይደለም፤ ሴት ለብቻዋ ደግሞ ጨርሶ። የሺአረግ ወርዳ ለተካ ነገረችው። ተካ ሰምቷት ሲያበቃ የሚስማር ካርቶን አንሥቶ ቦታውን ቀየረ፣ እንደገናም ወደነበረበት መለሰው። "ልጁ ከኔ ዘንድ መፍቻ ተውሶ ነበር የሄደው" አለ በመጨረሻ። "እመጣለሁ። አንድ ሽማግሌማ ያስፈልጋችኋል።"

በበነጋው በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄዱ፤ የሺአረግና አሜን ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ተካ ጋቢ ለብሶ፣ ከዲጋ ደግሞ ኬኔ የላከቻቸው ሁለት የቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች ተጨምረው። ጉሙ ከመንገዱ ዳር ከቆመው በቆሎ ላይ ገና አልተነሣም ነበር።

ኦቦ ዋቅወያን ግቢያቸው ውስጥ ዱላቸውን ይዘው ቆመው አገኟቸው። የሚመጣውን ሰው አለባበስ አዩ፣ ሰዓቱን አዩ። ፊታቸው ሳይለወጥ፣ "ለመልካም አይደለም የመጣችሁት" አሉ።

ሽማግሌዎቹ ጸሎት አደረጉ። ከዚያ ሁሉም የሺአረግን ጠበቋት። በአማርኛ ጀመረች፤ መካከል ላይ ሳታውቀው ወደ ኦሮምኛ ገባች። የመስመሩን ስም ማን እንደሰየመው፣ ለምን እንዳልተነሣ፣ ከነጆ የመጣው ሰው ያየው መልስ የማን እጅ እንደሆነ ተናገረች። "አባባ፣ ሰው እንዳይቀየም ብዬ ነው እሱን የመሰልኩት። ወደ ደጅዎ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም።"

ኦቦ ዋቅወያ ራሳቸውን አልነቀነቁም። "ሰውየው አነጋገሩን ሲደግምልኝ" አሉ፣ "እኔ አባቱ አመንኩ። ማንም ቢለኝ የማላምነውን፣ አነጋገሩን ሰምቼ አመንኩ።" ዱላቸውን ወደ መሬት ገፋ አደረጉት። "ደህና አድርገሽ ታውቂዋለሽ ማለት ነው።"

"አብሬው ስሠራ ነው የኖርኩት፣ አባባ።"

"እንግዲያው እሱን ሆነሽ አንድ ነገር በዪኝ።"

ኬኔ ከበሩ ጥግ "አባባ!" አለች።

"ተዪኝ አንቺ። ለነጆ ሰው ካወራች ለኔ ምን ከለከላት? አንድ ቃል ብቻ። 'አባባ' ብለሽ ጀምሪ።"

የሺአረግ አፏን ከፈተች። ቃሉ እዚያው ነበር፤ ሁልጊዜም እንደሚመጣው፣ ሳትጠራው፣ ከነሳቁ መጥቶ ምላሷ ላይ ቆሟል። ብትለቀው እኚህ ሰው እንደሚሰሙት፣ ከሰሙትም በኋላ ድንኳኑ መቼም እንደማይጣል አወቀች። ጥርሷን ነከሰች። እንባዋ ቀደማት።

"አልችልም፣ አባባ። እሱ አይደለሁም።"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ራሳቸው ላይ የቀረው ጥቂት ነጭ ፀጉር በጠዋቱ ነፋስ ተነሣ። "አይደለሽም" አሉ። "እሱማ አይደለሽም።" ወደ ኬኔ ዞሩ። "ልጄ፣ አልቅሺ።"

ኬኔ ያን ሁሉ ዘመን የያዘችውን ድምፅ ለቀቀችው። ከጎረቤት ቤቶች በሮች ይከፈቱ ጀመር። ተካ ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ ግድግዳ ተደገፈ፤ አሜን ከኬኔ ሥር ተንበርክካ ወገቧን ያዘቻት።

ሰኞ ቀን የሺአረግ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የምዕራቡን መስመር ሚና ከፈተች፣ የጂሩን ስም አነሣች፣ በቦታው የራሷን ጻፈች። ያችን በራሷ የምትሄድ መስመር ለማጥፋት ግን ጣቷ እምቢ አላት፤ አሜን መጥታ ከኋላዋ ቆማ አጠፋችላት። በየከተማው ለሚጽፉት ሰዎች አጭር መልእክት ተላከ፦ የመስመሩ ጂሩ ማረፉን፣ ቤተሰቡ ዲጋ ላይ ለቅሶ መቀመጡን፣ እስካሁን በስሙ የመለሰችው የሺአረግ መሆኗን። መጨረሻ ላይ "ይቅርታ አድርጉልኝ" ብላ ነበር። ታዲዮስ አንብቦት ምንም ሳያወጣ አሳለፈው።

ከሰዓት በኋላ ትኬት ይገባ ጀመር። ሰዎቹ ለማዕከሉ የሚጽፉበት ሌላ አድራሻ አያውቁም። ሲስተሙ የችግሩን ዓይነት ምረጡ ሲላቸው "ሌላ" ብለው መርጠዋል፤ ምን ያህል ያስቸኩላል ሲላቸው "በጣም አስቸኳይ" ብለዋል። ከጊምቢ፦ "ዋቅኒ ኢስን ሃ ጀጀቤሱ፤ አምላክ ያጽናችሁ። እኛ የቢሮ ሰው አልነበረም የሞተብን።" ከመንዲ፦ "ለቅሶ ለመድረስ መንገዱ አልተመቸንም፣ ከዚህ ሆነን እያለቀስን ነው።" ሌላው፦ "የማሽኑ ነገር ይቆይ፤ ሐዘናችሁ ይለፍ፣ በእጃችን እንመዘግባለን።" አመሻሹ ላይ ከነጆ አንድ መጣ። "ልጄ ደህና ሆናለች" ይላል። "ማን እንደጠየቀኝ አሁን ገባኝ። ለጠየቀችኝ ሴት ንገሩልኝ።"

የሺአረግ አንዱንም አልዘጋችም። ሲስተሙ ትኬት ለመዝጋት አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያውቀው፣ "ተፈትቷል"፤ ያንን ቃል እነዚህ ላይ ማን ይጫናል?

በሦስተኛው ቀን ክፍት ትኬቶቹ ሁሉ ጊዜ አልፎባቸው ቀይ ሆነው ታዲዮስ ስክሪን ላይ ደረሱ። የሺአረግ ክፍል በር ላይ መጥቶ ቆመ። "ወይዘሮ የሺአረግ፣ ከምዕራብ ይሄ ሁሉ አስቸኳይ ምንድን ነው? ሰው አልተመደበላቸውም እኮ።"

"ለማን ልመድባቸው?"

ጎንበስ ብሎ አንዱን አነበበ። ሌላም አነበበ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

"እስከ አርባው ይቆዩ" አለ።

"እነሱ አርባ አያወጡም፣ ጋሽ ታዲዮስ" አለች አሜን ከወንበሯ። "ጴንጤ ናቸው።"

"ታዲያ እስከ መቼ ነው የሚቆየው?"

አሜን ወደ የሺአረግ አየች። የሺአረግ ስክሪኑን ታያለች። ሌላ እየገባ ነበር፤ ከአንድ ስሙን ሰምታ ከማታውቀው ቀበሌ። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ ከፈተችውና፣ በራሷ ስም፣ መልስ መጻፍ ጀመረች።